ራምቦ፦ የአንድ ስም ቃላትና የአንድ ሰው የሥራ ዘመን

ከአዳማ ተነሥቶ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ የሚያመራ መንገደኛ፣ የበሰቃን ሐይቅ ሲያልፍ በስተግራው የፈንታሌ ተራራ ተገትሮ ያያል። ዛሬ በዚያ ምድር የአሮጌው ምድር ባቡር ሐዲድ፣ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመርና የአስፋልቱ መንገድ ብዙም ሳይራራቁ ያልፋሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሜይ 1887 ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም፤ አዳማም ገና ከተማ ለመሆን አልበቃችም ነበር። በዚያ ወር ከእንጦጦ የተነሣ አንድ ቅፍለት በምንጃር በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆው ወርዶ፣ የከሰምን ወንዝ ተሻግሮ፣ በፈንታሌ አካባቢ ካለፈ በኋላ አዋሽን ተሻገረ፤ ከዚያም የጨርጨርን ደጋ ወጥቶ ወደ ሐረር አመራ። ከቅፍለቱ ጋር ሁለት ፈረንሳውያን ነበሩ። አንደኛው ዡል ቦረሊ የተባለ አሳሽ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሠላሳ ሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ነጋዴ ነበረ። የነጋዴው ስም አርቱር ራምቦ ይባላል።

ከዚህ ነጋዴ ስም በፈረንሳይኛ ቋንቋ የተወለዱ ቃላት አሉ። የእርሱ የሆነውን ወይም እርሱን የሚመስለውን ሁሉ ፈረንሳውያን ራምባልዲያን ይሉታል፤ ለአንስታይ ጾታ ራምባልዲዬን ይሆናል፤ በእርሱ መንፈስ የመመራትን ዝንባሌ ደግሞ ራምባልዲስም ብለው ይጠሩታል። እነዚህን ቃላት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ራምቦ በሚለው ስም ውስጥ ‹ል› የሚባል ድምፅ የለም፤ ‹ድ›ም አይሰማም። ታዲያ ሁለቱ ድምፆች ከየት መጡ? ጥያቄው የቋንቋ ብቻ ቢመስልም ወደ ሌላ ጥያቄ ይመራል፤ ይኸውም ከአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ ስሙ የሚያስታውሰው የትኛውን ክፍል ነው፣ ሳያነሣ የሚያልፈውስ የትኛውን ነው የሚለው ነው። ሁለቱንም ለመመለስ አስቀድሞ የሰውየውን ሕይወት መከተል ያሻል።

አርቱር ራምቦ በኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ራሷ ስሟን ያገኘችው በ1606 ከመሠረታት ከመስፍኑ ከሻርል ጎንዛግ ነው። አባቱ የእግረኛ ጦር ሻምበል ሲሆን፣ በ1860 ቤተሰቡን ትቶ ከሄደ በኋላ አልተመለሰም። አራቱን ልጆች ያሳደገቻቸው እናታቸው ብቻዋን ነበረች፤ እርሷም ጥብቅ፣ ቈጣቢና በሃይማኖቷ የጸናች የገበሬ ልጅ ነበረች። ልጁ በትምህርት ቤት እጅግ የላቀ ተማሪ ሆኖ፣ በላቲን ቋንቋ ግጥም በመግጠም ተደጋጋሚ ሽልማት አገኘ። የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት በ1870 ሲነሣ ትምህርቱ ተቋረጠ፤ እርሱም ከቤት እየጠፋ መሄድ ጀመረ። በ1871 መጸው ባለቅኔው ፖል ቬርሌን ወደ ፓሪስ ጠራው። ሁለቱ በፓሪስ፣ በብራስልስና በለንደን ሁከት በበዛበት ኑሮ ጥቂት ዘመን አብረው አሳለፉ፤ ፍጻሜውም በጁላይ 1873 ብራስልስ ላይ ቬርሌን በሽጉጥ ተኩሶ የጓደኛውን እጅ ማቍሰሉና ስለዚህም መታሰሩ ሆነ።

ወጣቱ በእነዚያ ጥቂት ዓመታት የጻፈው የፈረንሳይን ሥነ ግጥም መልኩን የለወጠ መሆኑን ዛሬ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ሁሉ ይስማማሉ። ነገር ግን ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው ወይም በዚያው አካባቢ መጻፉን ተወ። ዳግመኛም ወደ ግጥም አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ የሚታወቀው ራምቦ ሥራ ፈላጊ ሰው ነው።

ሥራ ፍለጋውም ሩቅ ወሰደው። በ1876 በኔዘርላንድ የቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ እስከ ጃቫ ደሴት ድረስ ሄደና ከድቶ ተመለሰ። በ1878 መጨረሻ ወደ ቆጵሮስ ደሴት ተሻግሮ በላርናካ አቅራቢያ በሚገኝ የድንጋይ ካባ የሠራተኞች ካፖ ሆነ። በ1880 ደግሞ በዚያችው ደሴት በትሮዶስ ተራራ ላይ ለእንግሊዛዊው አገረ ገዥ በሚሠራው ቤት የግንባታ ተቆጣጣሪ ሆኖ ለአጭር ጊዜ ሠራ። እንግዲህ ይህ ሰው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣው ድንጋይ ሲፈነቀልና ግንብ ሲገነባ ካየበት ቦታ ነው።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ዓደን ደርሶ በአልፍሬድ ባርዴ የቡና ንግድ ቤት ተቀጠረ። በዲሴምበር ወር ድርጅቱ በሐረር ወደ ከፈተው ቅርንጫፍ ተላከ። ሐረር ከ1875 ጀምሮ በግብፅ ጦር እጅ ነበረች። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ እየገዛ፣ ጨርቃ ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ እየሸጠ ኖረ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ለእናቱና ለእኅቱ በሚልካቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ግጥም የሚባል ነገር አይነሣም። የሚነሣው የመጻሕፍት ጥያቄ ነው፤ መጻሕፍቱም ስለ ብረታ ብረት ማቅለጥ፣ ስለ ከተማና ስለ እርሻ የውሃ ሥራ፣ ስለ መርከብ አሠራር፣ ስለ ማዕድን፣ ስለ ግንበኝነት፣ ስለ አናጢነት፣ ስለ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች፣ ስለ መጋዝ ቤትና ስለ ቴሌግራፍ የተጻፉ የእጅ መጻሕፍት ነበሩ። ቈይቶም ቴዎዶላይትና ሌሎች የቅየሳ መሣሪያዎች እንዲገዙለት ጠየቀ፤ የፎቶግራፍ መሣሪያም አስመጥቶ በ1883 በሐረር ፎቶግራፎችን አነሣ። በዚያው ዓመት ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀውን ዘገባ የፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1884 አሳተመው።

ለዚህ ማኅበር አባላት ልዩ ትርጉም የሚኖረው በ1883 ከሐረር ወደ ቤቱ የጻፈው አንድ ደብዳቤ ነው። በዚያ ደብዳቤ ብቸኝነቱንና የኑሮውን ክብደት ከገለጸ በኋላ አንድ ምኞቱን ይናገራል። ምኞቱም ወንድ ልጅ ወልዶ፣ በፈቃዱ አሳድጎና በዘመኑ የተሟላ ትምህርት አስተምሮ፣ በሳይንስ ኃያልና ባለጸጋ የሚሆን ስመ ጥር መሐንዲስ ሆኖ ማየት ነበር። ታላቅ ባለቅኔ የነበረው ሰው በሐረር ሆኖ ለልጁ የተመኘለት ቅኔን ሳይሆን ምሕንድስናን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ግብፃውያን በ1885 ሐረርን ሲለቁ የቡናው ንግድ ተዳከመ። ራምቦም ከባርዴ ተለይቶ፣ ፒየር ላባቱ ከተባለ በሸዋ ከቈየ ነጋዴ ጋር ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለማቅረብ ተዋዋለ። ቅፍለቱን ለማሰናዳት ወደ ታጁራ ወርዶ አንድ ዓመት ያህል ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ ቈየ። በዚያው መካከል ላባቱ ታሞ ሞተ፤ ሊተባበረው የነበረው ፖል ሶሌዬም በዓደን ሞተ። ራምቦ በ1886 መጨረሻ ብቻውን ሆኖ በካፕሱል የሚተኰሱ 2,040 ጠመንጃዎችና 60,000 ጥይት በግመል ጭኖ በአፋር በረሃ አቋረጠና በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ገባ። ንጉሡ ግን በዚያ አልነበሩም፤ በጃንዋሪ ወር በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበርና እንጦጦ ላይ ተገናኙ።

ንግዱ እንደታሰበው አልሆነም። ለጠመንጃዎቹ የተቈረጠው ዋጋ ወደ 14,000 ማርትሬዛ ብር ሲሆን፣ ከዚያም ላይ የሟቹ የላባቱ ዕዳ እየተባለ ተቀናነሰና አሥር ሺህ የማይሞላ ብር ቀረ። እርሱም በእጅ አልተከፈለም፤ የሐረር ገዥ ከሆኑት ከደጃዝማች፣ ኋላ ራስ፣ መኰንን ግምጃ ቤት እንዲቀበል ወረቀት ተጻፈለት። ገንዘቡን ለማግኘት ወደ ሐረር መሄድ ነበረበት። በዚህ ጽሑፍ መግቢያ ላይ የተጠቀሰውን የስምጥ ሸለቆ ጕዞ ያደረገው ስለዚህ ነው።

ቦረሊ በመንገዱ ሁሉ ሲለካና ሲመዘግብ ተጓዘ። ራምቦም በበኩሉ የእያንዳንዱን ቀን ጕዞ፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ፣ የወንዞቹንና የደኑን ሁኔታ ይዞ ለባርዴ ላከለት፤ ባርዴም ለጂኦግራፊ ማኅበሩ አቀረበው። ግጥም አዋቂነቱ በዚህ ጽሑፍ አይታይም። ቃሉ አጭርና ደረቅ ነው፤ ከየት እስከ የት ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፣ የት ውሃ እንደሚገኝ፣ የት መንደር እንዳለ ይናገራል። ዛሬ መንገድ ለመቀየስ አስቀድሞ ቦታውን የሚያይ መሐንዲስ ከሚያዘጋጀው የመጀመሪያ ዘገባ እጅግም አይርቅም። በእንጦጦና በሐረር መካከል የተከፈተው ይህ መንገድ በአፋር በረሃ ከሚያልፈው ይልቅ ለንግድ የሚበጅ መሆኑንም ተገንዝቦ ነበር።

በ1888 ራምቦ ለሦስተኛ ጊዜ ሐረር ገብቶ በራሱ ስም የንግድ ቤት ከፈተ። በሸዋ ወኪሉና የደብዳቤ ወዳጁ የሆነው አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ኢልግ የስዊስ ተወላጅ ሲሆን ልክ እንደ ራምቦ በ1854 የተወለደ ነው፤ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ተምሮ በ1870ዎቹ መጨረሻ በምኒልክ አገልግሎት ገብቷል። ሁለቱ እኩያ ሰዎች ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ገንዘብ ልውውጥ፣ ስለ መንገድና ስለ ቤተ መንግሥት ወሬ ለሦስት ዓመት ያህል ተጻጻፉ። ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዱ በራምቦ ስም ላይ ጥላ ይጥላል። በ1889 መጨረሻ አንድ በቅሎና ሁለት ወንድ ልጆች ባሪያዎች እንዲገዛለት ኢልግን ጠይቆ ነበር። ኢልግ በመልሱ ባሪያ ገዝቶ እንደማያውቅና ለመጀመርም እንደማይፈልግ ገልጦ አልተቀበለውም። ራምቦ የባሪያ ነጋዴ ነበረ የሚለው የቆየ ወሬ ማስረጃ ባይገኝለትም፣ ይህ ጥያቄ ግን ከእጁ የወጣ ነው፤ ሕይወቱን የሚጽፍ ሁሉ ሊያልፈው አይገባም።

በ1891 መጀመሪያ የቀኝ ጕልበቱ አብጦ ሊያራምደው አልቻለም። በሐረር የሚያክመው ሐኪም አላገኘም። ስለዚህ ሸቀጡን በችኰላ ሽጦ ወደ ባሕር ለመውረድ ወሰነ፤ የሚሸከሙበትን ቃሬዛ ራሱ ንድፉን ነድፎ፣ ከላይ በሸራ የሚሸፈን አድርጎ አሠራው። በኤፕሪል 7 ቀን አሥራ ስድስት ሰዎች ቃሬዛውን እየተፈራረቁ ተሸክመው ከሐረር ወጡ። እስከ ዘይላ ወደብ ያለውን ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለመጨረስ ከአሥር ቀን በላይ ፈጀባቸው፤ በመካከሉም ዝናብ እየወረደበት መጠለያ አጥቶ ያደረበት ጊዜ ነበር። ንድፍ ሲነድፍ ኖሮ ከሆነ፣ ከእጁ ወጥቶ በእርግጥ የተሠራለት ይህ ቃሬዛ ነው ማለት ይቻላል።

ከዘይላ ወደ ዓደን፣ ከዓደን ወደ ማርሴይ በመርከብ ተወሰደ። በሜይ 27 ቀን እግሩ ተቈረጠ። ራስ መኰንን የደረሰበትን ሰምተው የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፉለት። ወደ ቤተሰቡ እርሻ ሄዶ ጥቂት ሳምንታት ከቈየ በኋላ ወደ ሐረር ለመመለስ ተነሣ፤ ነገር ግን ሕመሙ በርትቶበት ማርሴይ ላይ ወደ ሆስፒታሉ ገባ። በኖቬምበር 10 ቀን 1891 በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻ ቀናቱ ይጠራው የነበረው በሐረር ያገለገለውን ጃሚን ነው። 3,000 ፍራንክ እንዲሰጠው ተናዞ ነበር፤ ገንዘቡ ሲደርስ ግን ጃሚም ሞቶ ስለ ነበር ለወራሾቹ ተላለፈ።

ሕይወቱ ይህ ነው። አሁን ወደ ስሙ እንመለስ ቢባል፣ የቃላቱ ምሥጢር ከሕይወቱ ያነሰ የሚያስደንቅ አይደለም።

የራምቦ ስም በፈረንሳይኛ ሲጻፍ ሰባት ፊደላት አሉት፤ ሲነገር ግን አራት ድምፆች ብቻ ይሰማሉ። በአንድ የድምፅ ግፊት የሚወጣውን የቃል ክፍል የሰዋስው ሰዎች ቀለም ይሉታል። በዚህ አገላለጽ ስሙ ሁለት ቀለም አለው፤ እያንዳንዱም አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ ብቻ የያዘ ክፍት ቀለም ነው። በፈረንሳይኛው ‹ም› የሚባል ተነባቢ አይነገርም፤ የፊተኛው አናባቢ በአፍንጫ ይነገራል እንጂ። በአማርኛ እንዲህ ያለ አናባቢ ስለሌለ ኢትዮጵያዊው ጆሮ አንዱን ድምፅ ለሁለት ከፍሎ፣ አናባቢውን ለብቻው የአፍንጫውንም ድምፅ ለብቻው አድርጎ ራምቦ ይላል። በዚህም የፊተኛው ቀለም የተዘጋ ይሆናል። የባቡር ሠራተኞች ያመጡት ፉርጎ የሚለው ቃል የተቃራኒው ምሳሌ ነው። በፈረንሳይኛ መጨረሻው በአፍንጫ የሚነገር ሲሆን፣ በአማርኛ የአፍንጫው ድምፅ ፈጽሞ ወድቆ ቀርቷል።

ስሙ ከፈረንሳይኛ በፊት የጀርመን ነገዶች ስም ነበር። ሁለት ቃላት የተጋጠሙበት ሲሆን፣ የፊተኛው ምክርን፣ ባልድ የሚለው የኋለኛው ደግሞ ደፋርነትን ያመለክታል። በመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይኛ ከተነባቢ በፊት የሚገኘው ‹ል› እየላላ ሄዶ ወደ ‹ው› ተለወጠ፤ ባልድ የነበረው ባውድ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ‹አው› የሚለው ጥምር ድምፅ ተጠቅልሎ ‹ኦ› ሆነ፤ በመጨረሻ ያለው ‹ድ›ም ከአንደበት ጠፍቶ በጽሕፈት ብቻ ቀረ። የቋንቋው ሕግ ይህን ያደረገው በአንድ ስም ላይ ብቻ አይደለም። ፈረንሳውያን አንዱን ፈረስ ሽቫል ሲሉ ብዙዎቹን ሽቮ ይላሉ፤ ሙቀትን ሻለር ሲሉ ሙቅ የሆነውን ሾ ይላሉ። በአንዱ ‹ል› ቆሞ ሲታይ በሌላው ‹ኦ› ውስጥ ተሰውሯል።

ይህ ሕግ ለአዳማ ሰው የሩቅ ነገር አይደለም። ሹፌር የሚለው ቃል የወጣው ማሞቅ ከሚለው የፈረንሳይኛ ግሥ ነው፤ መጀመሪያ ሹፌር ይባል የነበረው በእንፋሎት ሞተር እሳቱን የሚያነደው ሠራተኛ ነበር። የግሡ ሥር በላቲን ‹ል› ያለበት ሲሆን፣ መሐንዲሶች በየዕለቱ ከሚያውቁት ካሎሪ ከሚለው ቃል ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። በካሎሪ ውስጥ የሚሰማው ‹ል› በሹፌር ውስጥ ተሰውሯል። ስለዚህ በአዳማ አውቶቡስ መናኸሪያ ሹፌር ብሎ የሚጣራ መንገደኛ፣ በራምቦ ስም ውስጥ የተፈጸመውን ያንኑ የድምፅ ለውጥ ሳያውቀው በአፉ ይዞታል።

ቅጽል ለማውጣት ከስሙ መጨረሻ በአናባቢ የሚጀምር ባዕድ መድረሻ ሲጨመር ግን ችግር ተፈጠረ። አዲሱ ቀለም የሚነሣበት ተነባቢ ይፈልጋል፤ ስሙ ደግሞ በሚነገርበት መልኩ በአናባቢ ያልቃል። የፈረንሳይ ሊቃውንት አዲስ ተነባቢ ከመፍጠር ይልቅ ወደ ጥንቱ መልክ ተመልሰው ተሰውሮ የነበረውን አወጡ። ባልድ ተመለሰ፤ ‹ል› ሁለተኛውን ቀለም ሲዘጋ ‹ድ› ሦስተኛውን ከፈተ፤ ቃሉም ራም፣ ባል፣ ዲያን ተብሎ በሦስት ቀለም ቆመ። ለአንስታይ ጾታ ሲሆን ደግሞ በመጨረሻው አናባቢ ውስጥ የነበረው የአፍንጫ ድምፅ ተለይቶ ወጥቶ ሙሉ ‹ን› ይሆናል። ደራሲው ዢሮዱ ዢራልዱሲያን የሚል ቅጽል ያስገኘው፣ ፈላስፋው ፉኮም ፉካልዲያን የሚል ቃል ያስገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

አማርኛም በራሱ ሕግ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ፊደሉም ሥራውን ለዓይን ያሳያል። ምኒልክ ከሚለው ስም ምኒልካዊ ሲወጣ፣ ሁለተኛውን ቀለም ይዘጋ የነበረው ሳድሱ ‹ክ› ወደ ራብዕ ተለውጦ የሦስተኛው ቀለም መነሻ ይሆናል። ተቃራኒውም አለ። አዳማ ለብዙ ዘመን በተጠራችበት በናዝሬት ስም ላይ ‹ዊ› ሲጨመር ናዝራዊ እንጂ ናዝሬታዊ አይባልም፤ በመጨረሻ ያለው ‹ት› ይወድቃል። ፈረንሳይኛውም በዚህ ስም ላይ ‹ት›ን ይጥለዋል። እንግዲህ ባዕድ መድረሻ አንዳንዱን ድምፅ ከተሰወረበት ሲያወጣ፣ አንዳንዱን ደግሞ ያስቀራል።

ከሰውየው ሕይወትም ቃሉ ያወጣውና ያስቀረው አለ። ራምባልዲያን የሚለው ቃል የሚያወሳው በሃያ ዓመቱ አካባቢ ያበቃውን ባለቅኔ ነው። ራምቦ በታጁራ ግመል ሲጠብቅ በነበረበት በ1886 በፓሪስ አንድ መጽሔት ግጥሞቹን ያትም ነበር፤ እርሱ ግን በሐረር ዘመኑ ስለዚያ ሥራው ማንሣት አይወድም ነበር። ከዓደን እስከ ሞቱ ድረስ የነበሩት አሥራ አንዱ ዓመታት፣ የኦጋዴኑ ዘገባ፣ የአዋሽ ማቋረጫው ማስታወሻ፣ የእጅ መጻሕፍቱና የቅየሳ መሣሪያው ምኞት፣ የጠመንጃው ንግድና ያ የማያስመሰግነው ጥያቄ ከቃሉ ትርጕም ውጭ ቀርተዋል። በሐረር ራምቦ ቤት ተብሎ የሚታወቀውና ዛሬ ሙዚየም የሆነው ባለፎቅ ቤት እንኳ ከእርሱ በኋላ የተሠራ የነጋዴ ቤት ነው፤ ስሙ ያልኖረበትን ቤት ወርሷል።

የኢልግ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። ከስሙ የዕለት ቃል አልወጣም፤ በፈረንሳይኛም በአማርኛም ስሙን ቅጽል አድርጎ የሚናገር የለም። ነገር ግን አፄ ምኒልክ በማርች 9 ቀን 1894 የምድር ባቡሩን ሥራ ፈቃድ የሰጡት ለእርሱ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ ኢልግ ዙሪክ ላይ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ስፋት የነበረው ያ ሐዲድ በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በወለንጪቲ፣ በአዳማና በሞጆ ባቡር ጣቢያዎችን ተከለ፤ በጣቢያዎቹ ዙሪያም ከተሞቹ አደጉ። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ ለገሃር፣ ፉርጎና ቡፌ የሚሉት ቃላት በሐዲዱ ላይ ተጕዘው በአማርኛ ውስጥ ሰፈሩ።

የሁለቱን እኩያዎች ስም ጎን ለጎን ማየት ለመሐንዲስ ጠቃሚ ነው። የአንደኛው ስም ቃል ሆነ፤ ቃሉም ራሱ ሊያስረሳው የፈለገውን ሥራ ያስታውሳል። የሁለተኛው ስም ቃል ሳይሆን ቀረ፤ ሥራው ግን ስሙን በማያውቁት ሰዎች እግር ሥር አለ። ሐዲዱን በጸሐይ እየጠረቡና እየተሸከሙ የዘረጉት ሠራተኞች ደግሞ ከሁለቱም አንዱን አላገኙም፤ ስማቸው ያለው በራሳቸው ቤተሰብ ዘንድ ብቻ ነው። ራምቦ በቃሬዛ ከሐረር ሲወጣ የተሸከሙት አሥራ ስድስት ሰዎችም እንዲሁ ናቸው።

በ1883 የተመኘው መሐንዲስ ልጅ አልተወለደም። በ1887 የእጅ ማስታወሻ የያዘበት የአዋሽ ሸለቆ ግን ከሞቱ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ በሌሎች ሰዎች ልጆች ተለካ፣ ተደለደለ፣ ድልድይ ተሠራለት። ዛሬ አዳማ ላይ ቆሞ ወደ አዋሽ የሚወስደውን መኪና የሚጠብቅ ሰው ሹፌሩን ሲጠራ የሚሞቅ ቦይለር የለም፤ ቃሉ ግን ‹ል›ን እንደሰወረ ይጠራል።